ጨረቃ ቤቶችን ዶዘር ለምን አልጨረሳቸውም?

ሥራው የሚጀመረው ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ተዘግቷል፤ ደንብ አስከባሪዎቹም እስከ ሰኞ ጠዋት ብዙ አይዘዋወሩም። እንጨቱ ቀደም ብሎ ተለክቶ ተቆርጧል፤ ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ለየብቻ ታስረው በዘመድ ግቢ ተቀምጠዋል። ጨለማው ሲበረታ አይሱዙው መብራቱን አጥፍቶ ይጠጋል። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ የሚቆፍረው ይቆፍራል፣ ቋሚ የሚያቆመው ያቆማል፣ ማገር የሚመታው ይመታል። አናጢው ለሌሊት ሥራ የሚጠይቀው ዋጋ ከቀኑ ይበልጣል፤ ከተያዘ አብሮ የሚጠየቅ እሱ ነውና። ሊነጋጋ ሲል ቆርቆሮው ይመታል። ግድግዳው ገና ጭቃ ስላልያዘ በላስቲክና በጆንያ ይጋረዳል። ጎህ ሲቀድ እናትየዋ ከሰል አያይዛ ጀበና ትጥዳለች፤ ልጆቹ ፍራሽ ላይ እንዲተኙ ይደረጋል። ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ባዶውን ከማፍረስ ይከብዳል የሚል እምነት አለ። ሰኞ ጠዋት ደንብ አስከባሪ ሲመጣ "እነሱማ ከገቡ ቆዩ" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ጎረቤቱም የገባው በዚያው መንገድ ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ጨረቃ ቤት የሚቆመው እንዲህ ነው። በኮልፌ፣ በየካ ተራሮች ሥር፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በአቃቂና በቦሌ ጫፍ፣ ከከተማዋ ክልል ወጣ ሲሉም በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እንዲህ ሲቆም ኖሯል። በበዓላት ሰሞን ይበዛል፤ በምርጫ ሰሞን ደግሞ ይብሳል፣ ያን ጊዜ ማንም ባለሥልጣን ሕዝብ ማስቀየም አይፈልግምና። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም ሲፈርስ ኖሯል። ታዲያ ይህን ያህል ፈርሶ ለምን አላለቀም? ይህን ጥያቄ ከልብ የሚጠይቅ ሰው ቤት ሠሪውን ትቶ መጀመሪያ መሬቱን መመርመር አለበት።

መሬቱን የሸጠ ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ ሻጩ በከተማዋ ጥግ የሚያርስ ገበሬ ነው። ገዢና ሻጭን የሚያገናኘው ደላላ ነው፤ ቀብድ ይከፈላል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ውል ይጻፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል ወረቀቱ ላይ "ሽያጭ" የሚል ቃል አይገባም። ውሉ አንዳንዴ ስጦታ፣ አንዳንዴ ብድር፣ አንዳንዴም አሮጌ ጎጆ የተሸጠበት ተደርጎ ይጻፋል። ምስክሮቹ እውነቱን ያውቃሉ፤ ጎጆው እንኳ አንዳንዴ የለም።

ገበሬው ለምን ይሸጣል? ስግብግብ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሒሳቡን መሥራት እመርጣለሁ። ከተማው ወደሱ ሲሰፋ መሬቱ "ለሕዝብ ጥቅም" ይወሰዳል። በ1997 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ለዘለቄታው የሚነሳ ገበሬ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ የቀደሙት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው ተሰልቶ የዚያ አሥር እጥፍ ነበር። የሚሰላው የጤፉና የስንዴው ዋጋ ነው፤ የመሬቱ አይደለም። ያው መሬት ግን ከእጁ ወጥቶ በከተማ አስተዳደሩ ለጨረታ ሲቀርብ ዋጋው በካሬ ሜትር ይሆናል። መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጊዜ አለ። ዳርቻው መርካቶ ባይሆንም ገበሬው የወሬውን አቅጣጫ ያውቃል። ቀያሽ መሣሪያውን ተክሎ ማየት ሲጀምር አርሶ አደሩ ሁለት መንገድ ይታየዋል፦ ዝም ብሎ የአሥር ዓመት ሰብል መቀበል፣ ወይም ቀያሹ ከመመለሱ በፊት መቶ መቶ ካሬ እየቆረሰ መሸጥ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን አሻሽሎ አሥሩን እጥፍ ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል። መሻሻሉ ጥሩ ነው፤ ግን አሁንም የሚለካው ምርቱ ነውና በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ገደል አልተሞላም። ጨረቃ ቤቱ የተሠራው በዚያ ገደል ውስጥ ነው።

ገዢውስ ማነው? የቀን ሠራተኛ አለ፣ ጉልት የምትቸረችር አለች፣ አስተማሪ አለ፣ ወታደር አለ፣ ከቤሩት ወይም ከጅዳ እህቷ በላከችላት ብር ቦታ የገዛች አለች። የቤት ሠራተኛ ሆና የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች ልጅ ለወላጆቿ የላከችው ገንዘብ በለገጣፎ ወይም በሰበታ ዳገት ላይ ቆርቆሮ ሆኖ የቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። እርግጥ ከነዚህ መካከል ሰፊ ቦታ አጥሮ ቆይቶ የሚሸጥ ነጋዴና ባለሥልጣን የሚጠጋው ደላላ አለ። እነሱን የሚከላከል ቃል ከኔ አይወጣም። ግን ዶዘር ሲመጣ ቤታቸው ውስጥ የሚገኙት እነሱ አይደሉም።

ነገሩ ወደ ኋላ ሄዶ ይጀምራል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። በጥቂት ባለርስቶች እጅ የነበረው የአዲስ አበባ መሬት በአንድ ቀን ባለቤቱ ተቀየረ። ለሰው አንድ የመኖሪያ ቤት ተተወለት፤ ቦታ ለሌለው እስከ 500 ካሬ ሜትር በነጻ እንዲሰጠው ተፈቀደ። ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። በዚያ ዘመን በጭሰኝነትና በኪራይ ሲማረር ለነበረ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ዛሬም በቀበሌ ቤት የሚኖር አዛውንት ያን ቀን በክብር ያነሳዋል፣ ተገቢም ነው። ሆኖም አዋጁ ቤት ማከራየትንም ከለከለ። ለኪራይ ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። ቀበሌው በወር በጥቂት ብር የሚያከራየውን ቤት ለመጠገን አቅም አላገኘም፤ ጣራው ሲያፈስ ተከራዩ ራሱ ላስቲክ እያለበሰ ኖረ። የሕዝቡ ቁጥር ግን እየጨመረ ሄደ። ከሁሉም በላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለከተማው ሰው ቦታ ሊሰጥ የሚችለው አንድ አካል ብቻ ሆነ፤ እሱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያል።

ኢሕአዴግ ሲመጣ መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ፤ አሰጣጡ ግን በ1986 በሊዝ ሆነ። በ1994 ተሻሽሎ እንደገና ወጣ፣ በ2004 ደግሞ ዛሬ የምናውቀው አዋጅ ቁጥር 721 መጣ። ከዚያ ወዲህ የከተማ ቦታ ማግኛው ዋና መንገድ ጨረታ ሆነ። ጨረታ ደግሞ ያለውን መሬት ከፍ ያለ ብር ላመጣ ይሰጣል፤ ደመወዝተኛው ከመጀመሪያው ውጪ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የባንክ የቤት ብድርም ቋሚ ገቢና ማስያዣ ላለው ሰው ነው፤ ለዚሁ ሥራ የታወቀው የቀድሞው ቤቶችና ቁጠባ ባንክ ስሙን ቀይሮ ቆይቶ በመጨረሻ ከንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል። ሥራው ከተማ ውስጥ ሆኖ መሬቱ በጨረታ፣ ብድሩ በማስያዣ የተያዘበት ሰው ለቤተሰቡ ጣራ ከወዴት ያምጣ?

አንዱ መልስ ኮንዶሚኒየም ነበር። በ1996 ዓ.ም በቦሌ ገርጂ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ጋር ሙከራው ተጀመረ፤ ከንቲባው አርከበ ዕቁባይ ነበሩ። በ1997 ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 በሦስት ፕሮግራም ተከፍሎ እንደገና ሲከፈት ሰልፉ የንግድ ባንክ ቅርንጫፎችን አጥለቅልቆ ነበር። በወር ከ1,200 ብር በታች ገቢ ላለው 10/90 ተባለ፤ በየወሩ 187 ብር ይቆጥባል። በ20/80 ለስቱዲዮ 151፣ ለባለ አንድ መኝታ 274፣ ለባለ ሁለት 561፣ ለባለ ሦስት 685 ብር። አቅም ላለው 40/60 ተዘጋጀ።

ይህ ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ባለ ቤት አድርጓል፤ ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን ያየ ሰው ይህን አይክድም። በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ስፋት ያለው የመንግሥት ቤት ግንባታ ጥቂት አገሮች ብቻ ሞክረዋል። ነገር ግን በ1997 የተመዘገበች ሴት ያኔ ሕፃን ያዘለች ከነበረች ያ ልጅ ዛሬ ራሱ ቤት ፈላጊ ሆኗል። በየወሩ የባንክ ደብተሯን ይዛ የቆጠበችው ገንዘብ በግሽበት እየሟሸሸ የቤቱ ዋጋ ግን ወደ ላይ ሄደ። ዕጣ ከደረሳቸው ድሆችም ብዙዎቹ ቅድሚያውን ተበድረው ከፈሉ፤ ወርኃዊ የባንክ ዕዳው ሲከብዳቸው ኮንዶሚኒየሙን አከራይተው እነሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ወጡ። አንዳንዶቹ ያገኙት ርካሽ ክፍል ጨረቃ ቤት ውስጥ ነው።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም ለ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ። የደረሳቸው ሰዎች በደስታ እልል ብለው፣ ዘመድ ጠርተው፣ ቡና አፍልተው ገና ሳይጨርሱ የዕጣው ሥርዓት ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ፤ በቴክኖሎጂ ሥራው ላይ የነበሩ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች ታሰሩ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው። መሰረዙ ትክክል ነበር። ግን ስሙን በዝርዝሩ ላይ አይቶ ለልጆቹ የነገረ አባት በሳምንቱ ምን ብሎ እንደነገራቸው ማሰብ ያሳምማል።

በየካቲት 2011 ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ውስጥ ሆኑ። ለገጣፎ ለገዳዲ ውስጥ ዶዘሮች ገቡ። የከተማው አስተዳደር ቤቶቹ ያለ ፈቃድ፣ ለአረንጓዴ ቦታና ለሌላ አገልግሎት በተከለለ መሬት ላይ የተሠሩ ናቸው አለ፤ ሊፈርሱ የታሰቡት ከ12 ሺህ በላይ እንደሆኑ ተዘገበ። ነዋሪዎቹ በበኩላቸው የግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ውል እያወጡ አሳዩ። ብዙዎቹ ሜዳ ላይና በቤተ ክርስቲያን ግቢ አደሩ። በዚያው ወር መጨረሻ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ በተሠራው በኮዬ ፈጬና በሌሎች ሳይቶች 51,229 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። በማግስቱ በኦሮሚያ ከተሞች ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ ሕንፃዎቹ የቆሙት የአባቶቻችን ማሳ ላይ ነው፣ የተነሱት ገበሬዎች ምን አገኙ ብለው ጠየቁ። ከዚያ በፊትም ከ2006 ጀምሮ አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ሊያስተሳስር በታቀደው ማስተር ፕላን ምክንያት ብዙ ደም ፈስሶ ዕቅዱ በጥር 2008 ቀርቷል።

እነዚህን ሁለት ክስተቶች ለየብቻ የሚያይ ሰው ወገን ለመምረጥ ይቸኩላል። አብሮ የሚያያቸው ግን በሁለቱም ቦታ የተበደለው ሰው አንድ ዓይነት መሆኑን ያስተውላል። በኮዬ ፈጬ በአነስተኛ ካሳ የተነሳው ገበሬና በለገጣፎ ቤቱ የፈረሰበት ተከራይ የነበረ ሰው የአንድ ሥርዓት ሁለት ጫፎች ናቸው። ገበሬው መሬቱን በሕግ ሲለቅ ዋጋ አያገኝም፤ ቤት ፈላጊው መሬቱን በሕግ ሊገዛ አቅሙ አይደርስም። ሁለቱ በሌሊት ሲገናኙ ሕገወጥ ይባላሉ። ቁጣቸውን ግን ብዙ ጊዜ እርስ በርስ እንዲወረውሩት ተደርገዋል፤ የቋንቋና የብሔር ልብስ ለብሶ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የወረቀቱ ጉዳይ ራሱን ችሎ ሊታይ ይገባል። ጨረቃ ቤት ገብቶ የቆየ ሰው ቀስ በቀስ የመንግሥትን ማኅተም ይሰበስባል። መጀመሪያ ከጎረቤት መብራት ይቀጥላል፤ ከዚያ ቆጣሪ ያስገባል። መታወቂያ ያወጣል፣ ልጅ ያስመዘግባል፣ ዕድር ይገባል፣ ግብር ይከፍላል። እያንዳንዱ መስኮት ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ ቆርጦለታል። የይዞታ ካርታ ግን የለውም። "ሰነድ አልባ" የሚባለው ይዞታ ይሄ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ይዞታዎችን ከአንድ ጊዜ በላይ መዝግባለች፤ በ1988 የተነሳው የአየር ፎቶና በ1997 የተሠራው ካርታ ላይ የሚታዩ ቤቶች ሁኔታቸው ተጣርቶ ሕጋዊ የሚሆኑበት መመሪያ ወጥቷል። ይህ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች እፎይታ ነበር። ሌላው ሕዝብ ግን ከዚህ የተማረው ነገር ግልጽ ነው፦ ከቆየህ አንድ ቀን ይጸድቅልሃል። ስለዚህ ሰው ጨረቃ ቤት ሲሠራ ሕግ አላውቅም ብሎ አይደለም። ያለፈውን አይቶ፣ ዕድሉን አስልቶ፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን አስይዞ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን በሩ ላይ ቀይ ምልክት ይቀባል። አዋጅ ቁጥር 721 ሕገወጥ ያዥን በሰባት ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ማስነሳትን ይፈቅዳል፤ ሰውዬው ከሌለ ወረቀቱ ቤቱ ላይ ይለጠፋል። ካሳ የለም፣ ምትክ የለም። አንዳንዱ ሰፈር ሰባቱንም ቀን አያገኝም። አንዳንዶች ጠበቃ ይዘው "ሁከት ይወገድልኝ" ብለው ክስ ለመመሥረት ይሞክራሉ፤ ካርታ የሌለው ሰው ግን ይህ መንገድ በቀላሉ አይከፈትለትም። ቀኑ ሲደርስ ፖሊስ ሰፈሩን ይከባል፤ ዶዘሩ ከኋላ ይከተላል።

የማፍረሱን ጠዋት ያዩ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ዶዘሩ ብቻ አይደለም። ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት ሰው የራሱን ቤት በራሱ እጅ ያፈርሳል። ቆርቆሮው ሳይታጠፍ እንዲወርድ፣ በሩ ከነመቃኑ እንዲነቀል፣ መስኮቱ እንዲተርፍ ወጣቶች ጣራ ላይ ወጥተው ሚስማር ይነቅላሉ። ሴቶች ሊጡን፣ ምጣዱን፣ የልጆቹን ደብተር ያወጣሉ። የታመመ ካለ በአልጋው እንዳለ መንገድ ዳር ይቀመጣል። "እትዬ፣ ቶሎ በይ፣ እኛ ታዘን ነው" የሚላት ደንብ አስከባሪ ራሱ ደመወዙ ክፍል ለመከራየት አይበቃውም፤ ምናልባት እሱም የሚኖረው በሌላ ሰነድ አልባ ቤት ነው። የተረፈው ቆርቆሮ ከፊሉ ይሸጣል፣ ከፊሉ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ዳርቻ ይሄዳል። የሚስማር ቀዳዳ የበዛበት ቆርቆሮ በአዲስ ጣራ ላይ ያየ ሰው ያ ቆርቆሮ ከዚያ በፊት ሌላ ቤት እንደነበረ ይገባዋል። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እስከ ከተማው ዳር ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ዶዘሩ ያጠፋው እንግዲህ ምንድነው? መሬት አልጨመረም። የቤት ፈላጊውን ቁጥር አልቀነሰም። ደላላው ድርሻውን ቀድሞ ወስዷል፣ ሻጩም እንደዚያው። የጠፋው የአንድ ቤተሰብ የአሥርና የሃያ ዓመት ጥሪት ነው፤ ሲሚንቶ ሆኖ፣ ጭቃና ጭድ ሆኖ፣ የተለሰነ ግድግዳ ሆኖ የተቀመጠው ባንካቸው። ድሃ በቤቱ ነው የሚቆጥበው። ያንን ካፈረስክበት በኋላ የሚቀረው አማራጭ ይበልጥ ርካሽ፣ ይበልጥ ሩቅ፣ ይበልጥ አደገኛ ቦታ ላይ እንደገና መጀመር ነው።

ያ አደገኛ ቦታ ምን እንደሚመስል አይተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ማታ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ያለው ቆሼ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ሥሩና ላዩ ላይ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከአንድ ዓመት በፊት ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ ተዘግቶ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። እዚያም የገበሬው መሬትና የድሃው ቤት ተገናኙ። በላስቲክና በጭቃ ቤት ቆሻሻ ላይ የሚኖሩት ሰዎች እዚያ የኖሩት አደጋውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሌላ የሚከራዩት ክፍል ስላልነበረ ነው፤ እንጀራቸውም ከዚያው ከተራራው ላይ በሚለቅሙት ፕላስቲክና ብረት ነበር።

ማፍረሱ ራሱም ሕይወት አስከፍሏል። በሰኔ 2008 በሐና ማርያም አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ከሟቾቹ መካከል የመንግሥት ሠራተኛና ፖሊስ ይገኙበታል። ጊዜው ክረምት መግቢያ ነበር። ሸገር ከተማ በ2015 ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ሲመሠረት ማፍረሱ እንደገና በስፋት ቀጠለ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የግዳጅ ማስነሳቱ ሕግን እንዲከተል አሳሰበ። መስጊዶች በመፍረሳቸው በግንቦት 2015 አንዋር መስጊድ አካባቢ በተነሳ ተቃውሞም ሰዎች ተገደሉ።

ጨረቃ ቤት የሌላቸውስ? አብዛኛው የአዲስ አበባ ድሃ እኮ ተከራይ ነው። አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን። በቀበሌ ቤቶች ደግሞ ውሉ በአንድ ሰው ስም ሆኖ በዚያው ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ደባሎች አሉ። በ2016 በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያም ካሳንቺስ ሲነሱ ሕጋዊ ባለ ይዞታው ካሳና ምትክ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ሌላ ቤት የሚያገኝበት አሠራር ነበረ፤ ከካሳንቺስ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራ ተወስደዋል። ብዙ ደባሎችና የግል ተከራዮች ግን በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልታዩም። እነሱ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ኪራይ ገበያው ገቡ፣ ገበያውም ወዲያው ተወደደ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2017 ባወጣው ሪፖርት የግዳጅ ማፈናቀሉ እንዲቆም ጠይቋል። መንገዱ መስፋቱን፣ የእግረኛ መሄጃው መሠራቱን፣ ወንዙ መጽዳቱን የሚጠላ የለም። ለልጆቼም እንዲህ ያለ ከተማ እመኛለሁ። ሆኖም ካሳንቺስ ጀበና ይዛ መንገድ ዳር ቡና እያፈላች ልጆቿን ያሳደገች ሴት የኖረችው በደንበኞቿ ነው፤ ገላን ጉራ ድረስ አብረዋት አልሄዱም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን ለመጠበቅ ወጥቷል፤ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪው መንግሥት በሚያስታውቀው ልክ በዓመት አንዴ እንዲሆን ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ዳሩ ግን ክፍል ፈላጊው አሥር፣ ክፍሉ አንድ በሆነበት አከራይና ተከራይ ሌላ ዋጋ በቃል ተስማምተው ሌላ ዋጋ በወረቀት ያስመዘግባሉ።

ሕገ መንግሥታችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ በበቂ የመንግሥት እርዳታ መዛወርን ጨምሮ፣ መብታቸው ነው ይላል። ካርታ ያላቸው ብቻ አይልም። አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን መኖሪያ ቤት ለዜጎች እንዲዳረስ ፖሊሲ እንዲወጣ ያዛል። ከሰባቱ ቀን ማስጠንቀቂያ ጋር አስተያይቶ ያነበባቸው ሰው የትኛው ይበልጣል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ደቡብ አፍሪካ ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት ወስዳዋለች። ሕገ መንግሥታቸው ማንም ሰው ፍርድ ቤት ሁኔታውን ሁሉ መርምሮ ሳያዝ ከመኖሪያው እንዳይነሳ ይደነግጋል፤ በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የሰፈሩትም ከዚህ አይወጡም። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ አይሪን ግሩትቡም የተባለች በኬፕ ታውን አቅራቢያ መጠለያዋ የፈረሰባት ሴትና ጎረቤቶቿ ባቀረቡት ጉዳይ መንግሥት ምንም መጠጊያ ለሌላቸው ሰዎች የሚሆን ዕቅድ ሊኖረው ይገባል ብሎ ፈረደ። ግሩትቡም ራሷ ከስምንት ዓመት በኋላ ስትሞት ገና ቤት አላገኘችም ነበር። ፍርድ ብቻውን ግድግዳ አያቆምም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እዚያ አንድ አስተዳደር ዶዘር ከማስነሳቱ በፊት "ወዴት ይሄዳሉ?" የሚለውን ጥያቄ ለዳኛ መመለስ አለበት።

እኛ ጋ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ማንም የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው እሱ ነው ባይ ነኝ፦ ሰው የሚኖርበት ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ አይፍረስ። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ልጆች ፈተና ላይ ባሉበት ወቅትም አይፍረስ። ወንዝ ዳርና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ያለው መነሳቱ ግድ ከሆነ፣ መሄጃው ቀድሞ ይዘጋጅ። አዲስ ወረራን ማስቆም የሚቻለው ደግሞ ችካሉ ሲተከል፣ ደላላው ቀብድ ሲቀበል ነው፤ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሬት አቅርቦት ነው። ሁሉም ሰው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም አይፈልግም፣ ሁሉንም ለመሥራትም ገንዘብ የለም። በሌሊት የሚሠሩት ሰዎች ግን በራሳቸው ገንዘብ፣ በራሳቸው ጉልበት ቤት መሥራት እንደሚችሉ ከማንም በተሻለ አሳይተዋል። የጎደላቸው የተቀየሰ ትንሽ ቦታ፣ የመንገድ መስመር፣ የውሃ ቧንቧና ስማቸው ያለበት ወረቀት ነው። ሰባ ወይም መቶ ካሬ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ቢሰጣቸው፣ ዛሬ ጭቃ የሆነውን በዓመቱ ብሎኬት ያደርጉታል። ገበሬውም ማሳው ከተማ ሲሆን ከተቀየሰው መሬት ድርሻው ይተውለት፤ ራሱ ያከራይ፣ ራሱ ይሥራበት፣ ልጆቹም ከሚመጣው ሀብት ይካፈሉ። ያን ጊዜ በሌሊት የሚሸጥበት ምክንያት ይቀንሳል።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሊዝ አዋጁ በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ በየጊዜውም የተጻፈው መሬቱ ለመንግሥት ካዝናና ለኢንቨስተሩ እንዴት እንደሚውል ታስቦ ነበር። የሰባቱ ቀን አንቀጽ ያለበት አዋጅ ለአራተኛ ጊዜ ሲጻፍ፣ በለገጣፎ ደረሰኛቸውን ዘርግተው ያሳዩት ሰዎችና በኮዬ ፈጬ ማሳቸውን የለቀቁት ገበሬዎች በረቂቁ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ።